ጋሽ መጨረሻው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሲከራከሩ

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ የተጠየቀውን የሚከፍልና የተጠየቀውን መልሶ የሚጠይቅ። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነው፣ ታሪክም የለውም። ገዝቶ ይሄዳል፣ በቃ። ሁለተኛው ግን በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ባለሱቅ ከሩቅ ሲያየው በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ አብሮት የወጣ ዘመድም ድንገት የሚያየው ነገር ያገኝና ወደ ሌላ መስኮት ያፈገፍጋል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ከሆነ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

በዚህ ሙያ ጋሽ መጨረሻውን የሚያህል አልተወለደም። ክቡርነታቸው ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በየደረሱበት «መጨረሻው ስንት ነው?» ሲሉ ኖረው ግን ጥያቄያቸው ስማቸው ሆኖ ቀረ። የሚተዳደሩት ያረጀ ሶፋ በማደስ ነው። የተቀደደውን ጨርቅ ይገፍፋሉ፣ የሞተውን ስፖንጅ ይለውጣሉ፣ የላላውን ሞላ ይወጥራሉ፣ ከዚያ አዲስ ልብስ ያለብሱታል። ስፖንጅ ሲቆርጡ የሚበነው ቢጫ ፍርፋሪ ፀጉራቸው ላይና ኮታቸው ላይ ስለሚቀር የትም ቢሄዱ ከየት እንደመጡ ይታወቃል።

ወገባቸውን ታመው የሄዱ ጊዜ ሐኪሙ «ሦስት ሳምንት መተኛት አለብዎት» ቢላቸው፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ «መጨረሻው ስንት ነው?» አሉት። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተናደደ፤ በኋላ ደከመው። በአሥር ቀን ተስማሙ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌባ ከሱቃቸው በር ላይ ጃኬታቸውን ይዞት ጠፋ። በሳምንቱ ገበያ መሀል ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ትከሻ ላይ አገኙት። አልጮሁም፣ ፖሊስም አልጠሩም። ጃኬቱን አገላብጠው አዩና «ክርኑ ሳስቷል፤ ገበሩ ተተርትሯል፤ የለበሰው ሰውዬ አያያዝ አያውቅም» እያሉ የገዛ ልብሳቸውን አጣጥለው በርካሽ ገዝተውት ተመለሱ። ቤት ገብተው «እንዲህ ያለ ጃኬት በዚህ ዋጋ የትም አታገኚም!» ሲሉ ባለቤታቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ጃኬቱን አዩት።

ይህን ሁሉ ጎረቤት እየሳቀ ያወራዋል። የማትስቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ብቸኛ ልጃቸው ናት። ለሚሰማው ቀልድ የሆነ ነገር አጠገቡ ለቆመው ቀልድ አይደለም። ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ጫማ ሊገዙላት ሄዱ። ባለሱቁ ዋጋ ጠራ። አባቷ መጨረሻውን ጠየቁ። ሰውዬው «አልቀንስም» አለ። ጋሽ መጨረሻው የሙያቸው ቁንጮ የሆነውን የውሸት መሄድ ጀመሩ፤ የልጅቷን እጅ ይዘው ቀጥ ብለው ከሱቁ ወጡ። ልጅቷ በአንድ እግሯ አዲሱን ጫማ አድርጋለች፤ በሌላው ካልሲ ብቻ።

«አባዬ ጫማው!»

«ዝም በይ፣ አሁን ይጠራናል።»

ባለሱቁ እውነትም ጠራቸው፤ ጥሪው ግን «ሌባ! ሌባ!» የሚል ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ከመንገደኛውም መሀል ሁለት የክፍሏ ልጆች ነበሩ። ዋጋው በመጨረሻ ቀነሰ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ለመደች፤ አባቷ ሱቅ ሲገቡ እሷ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ የማታውቃቸው መስላም ሰማዩን ታያለች።

አትወዳቸውም ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ «አንተ» እያለች ትከሻቸው ላይ የምትንጠለጠለው፣ ከፀጉራቸው ላይ ስፖንጅ የምትለቅመው እሷው ናት። ቤት ውስጥ አባቷ ናቸው። ችግሩ ደጅ ነው።

እንዲህ ሆኖ ልጅቷ አደገችና ዩኒቨርሲቲ አለፈች፤ ያውም ጥርስ ሕክምና። መንግሥት የሚከፍልላቸው ጥቂት ወንበሮች ነበሩ፤ እነሱ ለጥቂት አመለጧት። የቀረው ራስህን ቻል የሚባለው ወንበር ነው። የክፍያው ልክ ቤት ውስጥ ሲነገር እናቷ «እንዴ!» ብለው ተቀመጡ። አባቷ ስፖንጅ መቁረጫ ቢላቸውን አንስተው ሲስሉ ቆዩ፤ ቢላው ደግሞ ስለት አላነሰውም።

ምዝገባው የሚዘጋበት ዕለት ጠዋት፣ እናቷ በጨርቅ ጠቅልለው የሰጧቸውን ገንዘብ በውስጥ ኪሳቸው ከተው ልጃቸውን አስከትለው ወጡ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ እንኳን ዋጋ አትከራከር፤ እሺ? ተጽፎ የተለጠፈ ነው።»

«አልከራከርም።»

«ማልልኝ።»

«መማል ኃጢአት ነው» አሉ ጋሽ መጨረሻው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

የክፍያው አዳራሽ ረጅምና ጣሪያው ከፍ ያለ ነበር፤ አንድ ሰው ቢያስል ሁሉም ይሰማል። በአንድ ወገን ገንዘብ ተቀባዮቹ ከመስታወት ጀርባ ተደርድረዋል። ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። አባቷ «አንቺ ተራ ያዢ፤ እኔ እንዲያው አንድ ነገር ጠይቄ ልምጣ» ብለዋት ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ከፊቷ የቆመችው መነጽር ያደረገች ልጅ ዞር ብላ ፈገግ አለችላት። አብረዋት ሱፍ የለበሱ አባቷ አሉ፤ ጫማቸው የአዳራሹን መብራት ያሳያል።

«ምን ደረሰሽ?» አለቻት ባለ መነጽሯ።

«ጥርስ ሕክምና።»

«ውይ፣ እኔም! እንግዲህ አብረን ነን።»

ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ የምታውቀው ድምፅ ከመስኮቱ ተነሥቶ ጣሪያውን ዞረ።

«መጨረሻው ስንት ነው?»

«ምን አሉ አባባ?» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

«መጨረሻው።»

«ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል እኮ!»

«እሱማ መጀመሪያው ነው። እኔ የምጠይቅሽ መጨረሻውን ነው።»

«አባባ፣ ይሄ ዩኒቨርሲቲ ነው!»

«መቼ ጠፋኝ? ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ከሌለው ልጆቹ መቼ ሊመረቁ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ሳቅ ሲሰሙ ጋሽ መጨረሻው የበለጠ ይሞቃቸዋል። ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ።

«በስምምነት እንነጋገር ልጄ። ልጅቷ ልትማር የመጣችው ጥርስ ነው። እስቲ ይኼን እዪ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ከላይ የቀረ የለም ማለት ይቻላል፤ ከታች ያሉትም እርስ በርሳቸው ከተያዩ ቆይተዋል። «እንደምታዪው የእኔ ጉዳይ አልቋል። እሷ ተምራ እስክትመረቅ እነዚህም አይቆዩኝም። ታዲያ እኔ የማንን ጥርስ ነው የምከፍለው? የአንቺን ነዋ! የእነዚህን ሁሉ!» ብለው ወደ ሰልፉ ሲዞሩ ሰልፉ ሳያስበው አፉን ገጠመ። «ጥርስ ያለው ሁሉ ይክፈል። ለእኔ በጎደለኝ ልክ ይቀነስልኝ።»

አንድ ጎረምሳ ከሳቅ ብዛት ግድግዳ ተደገፈ። ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ የጀመረም ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ አዳራሹ አንገቷን አሰገገች።

«የማን አባት ናቸው? እባካችሁ አንድ በሉልን!»

ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተያየ። ባለ መነጽሯ ልጅ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አባትሽ ናቸው እንዴ? ቅድም አብራችሁ ስትገቡ ያየሁ መሰለኝ።»

አንደበቷ ከእሷ ቀደመ።

«አይደሉም» አለች። «ጎረቤታችን ናቸው። ሊያደርሱኝ ነው የመጡት።»

ባዕድ ሆኑ። በሕይወቷ «ነው» እንጂ «ናቸው» ብላቸው የማታውቀውን ሰው በአንድ አፍ አከበረቻቸውና ባዕድ አደረገቻቸው። ቀና ስትል አባቷ ወደ እሷ ዞረዋል። ሊጠሯት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ እጁ እዚያው አየር ላይ ቆሟል። አዳራሹ ደግሞ፣ እንዳልነው፣ ሳል እንኳን የሚያሰማ ነው።

ፊታቸው አልተለወጠም። የተነሣውን እጅ ወደ ፀጉራቸው ወስደው አከክ አከክ አደረጉና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

«ሰማሽ ልጄ?» አሉ ገንዘብ ተቀባይዋን። «እኔ ጎረቤት ነኝ። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ጎረቤት ለሰው ልጅ ከኪሱ ሊከፍል ከመጣ እናንተ ምን ያህል ልትከፍሉ ነው?»

አሁን የሳቀው ሰው ያነሰ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት «እውነታቸውን ነው!» አሉ። ባለ ሱፉ ሰውዬ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጮክ ብለው፤ «ልጅን የሚያስተምር አባቷ ነው፤ ጎረቤትም መንግሥትም አይደለም። እኔ ለልጄ እከፍላለሁ። ማንንም አላስቸግርም።»

«ለእርስዎማ ቀላል ነው!» አሉ ከኋላ ያሉት ሴት።

«ተመርቃ ስትሠራ ራሷ ትክፈል!» አለ ጎረምሳው።

«ሳትማር ምን ሠርታ?» አለው ሌላው።

ጋሽ መጨረሻው እጃቸውን አንሥተው አዳራሹን ጸጥ አሰኙ፤ እንደ ዳኛ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ይመስላሉ» አሉ ባለ ሱፉን። «ማን ከፈለልዎ?»

«እኔማ… ያኔ በነፃ ነበር።»

«በነፃማ አይደለም። ያኔ እኔ ሱቄን ከፍቼ ግብር እከፍል ነበር። እንግዲያው እርስዎን ያስተማርኩ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ያውም መጨረሻውን ሳልጠይቅ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ባለ ሱፉ ፊታቸው ቀላ፤ ባለ መነጽሯ ልጃቸው አንገቷን ደፋች። የእኛይቱ ልጅ ይህን አየች። ለካ በአባቱ የሚያፍር ሰው በጥሩ ሱፍም ያፍራል።

«ለመሆኑ» አሉ ባለ ሱፉ በንዴት፣ «የልጅቷ አባት የት ሄዶ ነው እርስዎ የሚደክሙት?»

ጋሽ መጨረሻው ወደ ልጃቸው አላዩም።

«አባቷማ ሥራ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ ያሳፍራል እንጂ።»

ልጅቷ ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

ጩኸቱን ሰምተው የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ከቢሯቸው ወጡ፤ ደከም ያሉ፣ ረጅም ሴት ናቸው። ነገሩን ከገንዘብ ተቀባይዋም ከአዛውንቱም ሰሙ። መጨረሻው ስንት እንደሆነም ተጠየቁ። ግንባራቸውን አሹና «ግማሹን አሁን፣ ቀሪውን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ መክፈል ይቻላል» አሉ። «ደንቡ አለ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። «አለ? የት አለ?»

«ለምን አልተለጠፈም?» አሉ ጋሽ መጨረሻው።

«የጠየቀ ሰው የለም» አሉ ኃላፊዋ፤ ሲናገሩት እሳቸውም አፈሩ መሰል ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወላጅ ግን መፈረም አለበት። አባት ወይም እናት። ከምሳ በፊት፤ ዛሬ ይዘጋል።»

«ጎረቤት አይበቃም?»

«አይበቃም አባባ።»

ጋሽ መጨረሻው ወደ ሰልፉ መጥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ እንደ ጎረቤት ራቅ ብለው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሏት። «እናትሽን ይዤ እመጣለሁ።» «ልጄ» የሚለውን ቃል ማንም ሽማግሌ ለማንም ልጅ ይለዋል፤ ስለዚህ የጠረጠረ አልነበረም። ወጡ።

ቤታቸው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከምሳ በፊት ደርሶ መልስ አይሞከርም። ይህን ልጅቷም ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ምን ዓይነት ጎረቤት ነው ያላችሁ!» አለች ባለ መነጽሯ፣ ከልቧ። «የእኛ ጎረቤት እንኳን ሊከራከርልን ሰላምታም አይሰጠን። ታድለሽ።»

ልጅቷ ተራዋን ትታ ሮጠች።

ደረጃውን ወርዳ በሩ ጋ ስትደርስ አባቷ አንድ ታክሲ መስኮት ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሹፌሩ ብቻቸውን ለመውሰድ ዋጋ ጠራ፤ በጠራራ ፀሐይ የሚዘርፍ ዋጋ። ልጅቷ የሚከተለውን ጥያቄ ጠበቀች።

«እሺ» አሉ ጋሽ መጨረሻውና በሩን ከፈቱ።

እሺ! ልጅቷ ይህን ቃል ለባለዋጋ ሲሉት ሰምታ አታውቅም። ከሁሉ ይልቅ እሱ አስደነገጣት። ሰውዬው ተሰብረዋል ማለት ነው።

«አባዬ!»

«ምን ሆነሽ ነው? ተራሽ ያልፍሻል!»

«ውረድ።»

«እናትሽን…»

«አትሄድም። ውረድ አልኩህ!» እንባዋ መጣ። የኮታቸውን እጅጌ ጨብጣ ቀረች።

ጋሽ መጨረሻው ከታክሲው ወረዱ። «እዚህ መንገድ ላይ አታልቅሺ» አሉ። «ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ጠቀመኝ። ጎረቤት ሲከራከር ሰው ያዳምጠዋል፤ አባት ሲከራከር ልመና ይመስላል።»

«ለምንድን ነው ግን ሁልጊዜ የምትከራከረው?» አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የቆየችው ጥያቄ ነው።

ጋሽ መጨረሻው ወደ አዳራሹ አዩ። «ሙሉው ኖሮኝ የተከራከርኩበት ቀን ያለ ይመስልሻል?» አሉ። «ሲስቁብኝ ኪሴን አያዩም። ይሄ ነው ሌላ የለውም። እንጂማ እኔም እንደዚያ ሰውዬ ዝም ብዬ ከፍዬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ከልጄ አጠገብ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ትሄዳላችሁ አትሄዱም?»

«አንሄድም» አለች ልጅቷ፤ እጃቸውንም ያዘች።

አዳራሹን አቋርጠው እስከ መስኮቱ ሲሄዱ ሰልፉ መንገድ ለቀቀላቸው። የአባቷ እጅ ሻካራ ነው፤ መርፌና ሚስማር ያደነደነው። ውርደት እንዲህ ነው፤ ሲገቡበት አንድ ቃል ይበቃል፣ ሲወጡበት ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያያል።

«ወላጅ መጥቷል» አለች ገንዘብ ተቀባይዋን። «አባቴ ነው።»

ገንዘብ ተቀባይዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። «ቅድም ጎረቤታችን ናቸው አላልሽም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ባለ መነጽሯ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች፤ አባቷ ባለ ሱፉ ጫማቸውን አዩ። ጎረምሳው ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ልጅቷ ከፊቷ ያለውን መስታወት ብቻ እያየች ቆመች፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ የራሷ ፊት ነበር።

«አልዋሸችም!» የሚል ድምፅ ከጎኗ ተነሣ። ጋሽ መጨረሻው ናቸው፤ ክርናቸው ተመልሶ መስኮቱ ላይ ተደግፏል። «ለምን ትዋሻለች? እኔ የማድረው ሱቄ ውስጥ፣ የደንበኛ ሶፋ ላይ ነው። እሷና እናቷ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። በመካከላችን ግድግዳ ካለ ጎረቤት አይደለንም? ሕጉን ታውቂያለሽ አንቺ?»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትወድ ሳቀች። ከኋላ ያሉት ሴት ሳቁ። ኃላፊዋም እስክሪብቶ እየሰጧቸው «ይፈርሙ አባባ፣ ይፈርሙ፤ ሌላም ሰው አለ» አሉ። ፈረሙ። ግማሹ ክፍያ ከጨርቁ ውስጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ተራው ሲደርስ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር።

ራት ላይ እናቷ «እንዴት ሆነላችሁ?» አሉ።

ተራኪው ማን እንደሚሆን አይጠየቅም። ጋሽ መጨረሻው ተነሥተው ቆሙ፤ ተቀምጠው የሚነግሩት ገድል አይደለም። ገንዘብ ተቀባይዋን ሆኑ፣ ኃላፊዋን ሆኑ፣ ባለ ሱፉን ሆነው ፊታቸውን አቀሉ። እናቷ እስኪያነቡ ሳቁ። ወሬው «ጎረቤታችን» ወደምትለዋ ቃል ሲቃረብ ልጅቷ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። «የማን አባት ናቸው?» እስከሚለው ደረሱ። ከዚያ አባቷ ልክ የተቀደደ ጨርቅ ጠርዙን አጥፈው እንደሚሰፉት፣ ያቺን ቦታ አጠፏትና ዘለሉ።

«በመጨረሻ ወላጅ ይፈርም ተባለ» አሉ። «ይቺ ልጅሽ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጄን ይዛ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰንጥቃ፣ መስኮቱ ድረስ ወሰደችኝና ጮክ ብላ ‹አባቴ ነው!› አለች። አዳራሹ ሁሉ ሰማ! አዳራሹ ሁሉ!»

እናቷ እንባቸውን እየጠረጉ ግራ ገባቸው።

«ታዲያ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?» አሉ። «አባቷ አይደለህ እንዴ?»

ጋሽ መጨረሻው ቆመው ቀሩ። «አይ፣ እንዲያው ነው» አሉና ተቀመጡ።

ልጅቷ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሣች። ውሃ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።